ከበሩ ሥር ያለ ብርሃን

እኔ ኤልሲራ ነኝ፣ የሌሊት ዘበኛ፣
ዝናብ በማይጠግባት ቫልዲቪያ ተረኛ።
አራት ፎቅ ማደሪያ፣ መቶ አሥር ተማሪ፣
ጣሪያው አፍሳሽ፣ ቧንቧው አንጎራጓሪ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ዙሬ ስመለስ፣
ጉልበቴን እየለመንኩ ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ፣
በሩ ሁሉ ጨልሞ፣ ከሠላሳ አንድ ቁጥር
ቀጭን ሰማያዊ መስመር፣ ከበሩ ሥር።
"ያጠናል" አልኩ በመጋቢት፤ "ጎበዝ ልጅ፣ ይበርታ!"
በጣቴ ጫፍ አለፍኩ፣ እንዳልነሣው ፋታ።

ቤልትራን ነው ስሙ፤ ደን ነው የሚማረው፤
ዛፍ ግን ካየ ቆየ። መስኮቱን የነካው
ዛፍ ቅጠሉን ሁሉ አራግፎ ሲጨርስ
መጋረጃ አልገለጠም፣ እስከዚያ ድረስ።
በግንቦት ሳህኑ ደጁ ላይ ደረቀ፤
በሰኔ የጓደኛ ማንኳኳት አለቀ።

አንድ ቀን ደረጃ ላይ ተላለፍን፤
አንገቱ እንደ ታጠፈ ሚስማር፣
ከሰውነቱ ሁሉ አውራ ጣቱ ብቻ ነቅቶ።
"እንደምን አደርክ?" አልኩት።
"ደህና እደሪ" አለኝ።
ጧት ነበር።

እኔም ብሆን ንጹሕ አይደለሁም።
ሹራብ አሠራር የሚያሳዩ ቪዲዮዎች
አንዱ ሌላውን እየጎተተ
ስንት ሌሊቴን በልተውብኛል፤
አንድ እጅጌ እንኳ አልጨረስኩም።

ከዚያ የጥበቃ ክፍሉ ስልክ ጮኸ፤ ባለሽቦው፣
አቧራ የጠገበው።
እናቱ ናት፣ ከደቡብ፣ ከደሴቱ፤
የባሕር ሣር ለቅማ፣ አድርቃ፣ ሸጣ
ያንን የእጅ ስልክ የገዛችለት።
"ልጄን ምን አገኘብኝ? ስደውል አያነሣም።"
ምን ልበላት?
ስልኩ ከእጁ ወርዶ አያውቅም ልበላት?
አገር ምድሩ ሲያገኘው አንቺ ብቻ አጣሽው ልበላት?
"ፈተና ላይ ነው" አልኳት።
ዋሽቼ፣ ሌሊቱን ዓይኔን ሳልከድን አደርኩ።
ለነገሩ ዘበኛ ነኝ።

በሐምሌ ማዕበሉ መጣ። ነፋስ ምሰሶ ጣለ፤
መብራቱ ጠፋ፤ ኢንተርኔቱም አብሮት ኮበለለ።
ደቂቃ ሳይሞላ ደረጃው ተንጫጫ።
"መቼ ይመጣል?"
"እኔ እንጃ።"
ሄደ። ተመለሰ። "መቼ ይመጣል?"
አራት ጊዜ። እጁ ይንቀጠቀጣል፤
ብርዱ ነው ልል ስል፣ ካፖርት ለብሷል።
"ባትሪዬ አለቀ" አለኝ፣ ሰው የሞተበት መስሎ።
"የእኔ አላለቀም" አልኩት፤ "ና፣ ያዝልኝ ቶሎ።"
የእጅ ባትሪዬን ሰጠሁት፤ ባልዲውን እኔ ያዝኩ።

ጣሪያው በዘጠኝ ቦታ ያፈሳል፤
እኔ እደፋለሁ፣ እሱ ያበራል።
አራተኛው ፎቅ ላይ ቆመ፤ ብርሃኑን አቀና፣
የራሰውን እንጨት ዳሰሰና
"አሌርሴ ነው" አለ፤ ድምፁ እንደ ዛገ ማጠፊያ።
"አባቴ በዚህ እንጨት ጀልባ ይሠራ ነበር።"
"ነበር?"
"ነበር።"
ሌላ አልጠየቅሁም። ቀጣዩ ባልዲ ሞልቶ ነበር።
ከወንዙ ዳር የባሕር አንበሶች አጓሩ።
"ሁልጊዜ እንዲህ ይጮኻሉ?"
"በየሌሊቱ።"

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት መብራት መጣ።
ባትሪውን እጄ ላይ ጥሎ ሮጠ፤
ደህና እደሪም የለ።
ከበሩ ሥር ያው መስመር፣ ያው ሰማያዊ።

ለእናቱ ይደውል አይደውል አልጠየቅሁም፤
ባለሽቦው ስልክ ግን ከዚያ ወዲህ አልጮኸም።
አንዳንድ ሌሊት፣ አሥር ሰዓት ሲል፣
ነጠላ ጫማው ደረጃውን ሲወርድ እሰማለሁ።
"ዛሬ ያፈሳል?" ይለኛል።
ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ኮከብ ሞልቶት ሳለ፣
"በደንብ ያፈሳል" እለዋለሁ፤
ባልዲውን አነሣለሁ።